የእታገኘሁን ደጅ የማይነካ መንገድ

ዘማች ተማሪዎቹ መካነ ሰላም በገቡበት ዓመት ሽርሽር የሚባል ነገር ይዘውብን መጡ። ለቅሶ ሳይኖር፣ ገበያ ሳይኖር፣ የታመመ ዘመድ ሳይኖር ቁልቁለት ወርዶ ዳገት መውጣት ማለት ነው። ከነሱ አንዱ፣ ንጉሡ የሚሉት የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጨውና በርበሬ ከምሸጥበት ሱቄ በር ላይ ቆሞ ጠየቀኝ።

«እትዬ በለጡ፣ የድሮው የነጋዴ መንገድ ጫካውን አቋርጦ ወንዙ ድረስ ይወርዳል አሉን። ያውቁታል?»

«ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ በልጅነቴ ስንት ጊዜ ወርጄበታለሁ።

ከነጓደኞቹ በጠዋት ወጥተን ሳይመሽ ልንመለስ ተስማማን። ጎረቤቴ ሩቂያም «እኔስ ከማን አንሼ» ብላ ገባችበት። ጭቅጭቁ የመጣው በየት እንውረድ ስንል ነው። አንዱ መንገድ ሜዳ ሜዳውን በመንደሩ መሀል ያልፋል። ሌላው ከከተማው እንደወጡ ገደል ገደሉን ይዞ ጫካው ውስጥ ይከታል። ንጉሡ ሜዳውን አለ። እኔ ገደሉን አልኩ።

«ለምን፣ እትዬ?»

«በመንደሩ በኩል ክፉ ውሻ አለ።»

«የማን ውሻ?» አለች ሩቂያ። «ውሻው ሁሉ በረሃቡ አልቆ የለም እንዴ?»

«ጭቃም ነው።»

«ወላሂ፣ ዝናብ ካየን ስንት ጊዜያችን!»

«እንግዲህ በገደሉ ካልሆነ አልመራም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ!» አልኩና በሩን ገርበብ አደረግሁባቸው።

ንጉሡ ሲሄድ ሩቂያ ጠጋ ብላ፣ «እታገኘሁን ፈርተሽ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

ነው። እታገኘሁ ታናሽ እህቴ ናት፤ ቤቷ መንደሩ መሀል፣ መንገዱ ዳር ነው። ደጇ ላይ ያየችውን እንግዳ ዝም ብላ አታሳልፍም፤ ጎትታም ቢሆን ታስገባዋለች። በዚያ በረሃብ ዓመት ልጠይቃት ብሄድ የቀረቻትን አንዲት ዶሮ አረደችልኝ፤ ያውም እንቁላል የታቀፈችውን። እየበላሁ ባለቅስ «በርበሬው በዛ?» አለችኝ። አሁን ጎታዋ ውስጥ ያለው ለዘር ያስቀመጠችው ገብስ ብቻ ነው። መሬት ላራሹ ታውጆ፣ ዘንድሮ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለመሬት ሳይሰፍሩ ለራሳቸው ሊዘሩ ነው። ያን ሁሉ ዘማች ደጇ ላይ ካየች ዘሩ ቆሎ ሆነ ማለት ነው።

«አብሽሪ፣ ከእኔ አይወጣም» አለች ሩቂያ።

በገበያው ቀን ከንጉሡና ከሩቂያ ጋር ሦስታችን ሱቄ ውስጥ ስለ ስንቅ እናወራለን። ሥጋ ቢሆን የሩቂያን እኔ አልበላ፣ የእኔን እሷ አትበላ፤ ዳቦ ይሁን ተባባልን። ይኼን ጊዜ እታገኘሁ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከች አለች።

«እታለም! ቤቴን ዞረሽ ልታልፊ ነው አሉ! ምን ሆንኩ ብለሽ ነው? ይጋባብኛል ብለሽ ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ገበያው ሁሉ ያወራል! እህቷ አፍራባት ዞረች ይበሉኝ? ገብሱን ከጎታ አውርጄ ለቅሜ ጨርሻለሁ፤ ነገ እቆላዋለሁ። እናንተ ልጆች የምታርፉት እኔ ቤት ነው!»

«እሺ፣ እናመሰግናለን» አለ ንጉሡ ደስ ብሎት። በክርኔ ልደቁሰው ፈልጌ አልደረስኩበትም።

አትቁዪ ብላት ዛሬውኑ ትቆላዋለች፤ የወለደችን አንዲት እናት ናት። አንድ መላ ብቻ ነበር፤ ባለቤቷ የሌለችበት ቤት እንግዳ አይገባም። እሷን ከቤቷ ለማውጣት ግን ሞቼም የማልለውን ማለት ነበረብኝ።

«እታገኘሁ» አልኩ፣ «መንገዱ ጠፍቶኛል።»

ሩቂያ አፏን በሻሿ ያዘች።

«ምን አልሽ?»

«ረስቼዋለሁ። የሰው ልጆች ይዤ ገደል እንዳልገባ አንቺ ምሪን። ዋዜማውን እኔ ዘንድ እደሪና አብረን እንነሳ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ ብለው አልነበር?» አለ ንጉሡ።

«አንተ ዝም በል!»

እታገኘሁ ታጥቃ የመጣችለትን ጠብ ረሳችው። ፊቷ ሁሉ ሳቀ። «አረጀሁ በይኛ፣ እታለም! እመራቸዋለሁ። ግን እንግዶቼ ምንም ሳይቀምሱ...»

«መሪ ስንቅ አይይዝም። አንዲት ፍሬ ገብስ ይዘሽ ብትመጪ እኔ እቀራለሁ።»

ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። «እንግዲያ ገብሱን ወደ ጎታው ልመልሰዋ። እኔ ከሌለሁ ለማን ይቆላል?»

ዘሩ ተረፈ። እሷ ግን ወዲያው ቁጢጥ ብላ በስንጥር መሬቱን እየጫረች ለንጉሡ ታስረዳው ጀመር። «ገደሉን ነው የምንይዘው፤ ሜዳው የከብት መሄጃ ነው።» ሩቂያ ወደ እኔ አየች። «ከዚያ የጽድ ጫካው ውስጥ እንገባለን። ትልቁ ወይራ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ።»

ወደ ቀኝ ነው። ወደ ግራ የሄደ ሰው ጭላዳ የሚውልበት አፋፍ ላይ ደርሶ፣ ያን ሁሉ ዳገት ተመልሶ ይወጣታል።

«ወደ ግራ ነው፣ እትዬ በለጡ?» አለኝ ንጉሡ።

«እኔ ምን አውቄ፣ እሷን ጠይቅ» አልኩት። ሩቂያን ግን በጆሮዋ ዳቦውን እጥፍ እናድርገው አልኳት።