ክቡር ዳኛ ጠያቂ አጡ

«ወንበርዎ ይኸውና፤ ይቀመጡና ይክፈቱልን እንጂ!» አለ ሱሩር፣ የጠረጴዛውን ራስ እያሳየ።

«ምኑን ነው የምከፍተው?»

«ስብሰባውን ነዋ፣ ክቡር ዳኛ።»

«ስብሰባው እኔን ለማጣራት አይደለም እንዴ?»

«እሱማ ነው።»

«ታዲያ ተጠርጣሪው ራሱ ሊመራው ነው?»

ሱሩር ግራ ገባው። እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ስብሰባ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው ሲከፍት አይቶ አያውቅም። ቴምቢሳ በሚባለው የከተማ ዳር ሰፈር ያለውን ሱቁን ዘግቶ የመጣው አጣሪ ሊሆን ነው፤ ይሁንና እሳቸው ቆመው እሱ ሊቀመጥ አልደፈረም።

ዳኛ ገብረሥላሴ ወንበሩን ትተው በሩ አጠገብ ያለ የጫማ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ቦታው ጆሃንስበርግ ውስጥ ጀፕ በሚባለው ሰፈር፣ ከጅምላ ጫማ መሸጫ በላይ ያለ መጋዘን ነው፤ ኮሮና አዳራሹን ካዘጋባቸው ወዲህ እድሩ የሚሰበሰበው እዚያ ሆኗል። እሳቸው ካርቶን ላይ ሆነው አጣሪዎቹ ወንበር ላይ ሊሆኑ ነው? ሱሩርና ሁለቱ አጣሪ ጓደኞቹ፣ በለጥሽና ዱካሞ፣ ተራ በተራ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ዳኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከወረዳ ፍርድ ቤት ጀምረው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ደረሰኝ ያጎደለ ገንዘብ ያዥ ፊታቸው ሲቀርብ፣ ምንም ያላጠፋው የችሎት ጸሐፊ ሳይቀር ያልበው ነበር ይባላል። ጆሃንስበርግ፣ ሐኪሟ ልጃቸው ዘንድ ሲመጡ ከአንድ ሻንጣ ልብስ ሌላ ይዘው የመጡት ቢኖር ስማቸውን ነው። አሁን በየሰው ስልክ የሚንከባለለውም እሱው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሎክዳውኑ፣ ሰው ከቤት እንዳይወጣ በታገደበት ጊዜ፣ በረራ ቆመና አስከሬን አገር ቤት መላክ ቀረ። የእድሩን ሒሳብ ለማንቀሳቀስ ደግሞ ፈራሚዎቹ ሁሉ ባንክ መቅረብ አለባቸው፤ እነሱ ደግሞ ቮስሎሩስ በሚባለው ሩቅ ሰፈር ተዘግቶባቸው ነበር። ስለዚህ አባላቱ ለቀብር ያዋጡትን በቀጥታ በዳኛው ሒሳብ አስገቡ፤ ዳኛውም ሟቾቹን እዚሁ አስቀበሩ። በዚያው ሰሞን ልጃቸው ነጭ መኪና ገዛች። አንዱ የመኪናዋን ፎቶ አንሥቶ በእድሩ ዋትስአፕ ለጠፈ። ቃል አልጻፈበትም። ከሥሩ ግን ግማሹ «እግዜር ይሁነን»፣ ግማሹ «አላህ ያግዘን» እያለ ተቀባበለው። አጣሪ ይቋቋምልኝ ብለው የጮኹት እንግዲህ ራሳቸው ዳኛው ናቸው።

«በሉ ጠይቁኛ!»

«ምን ብለን?» አለ ዱካሞ።

«ገንዘባችንን የት አደረስከው በሉኝ!»

«አንተ ብለን?» ዱካሞ ደንግጦ ማስኩን እስከ ዓይኑ ሳበው። «እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች።»

«በለጥሽ፣ አንቺ እንኳን ጠይቂኝ። ምግብ ቤትሽ ውስጥ ለአንድ የጎደለ ብርጭቆ ስንት ሰው ታፋጥጫለሽ።»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ባሌን ሰው ሁሉ ሲሸሸው አጠገቡ ቆመው ያስቀበሩልኝ እርስዎ አይደሉ? በምን አፌ?»

ዳኛው ከኮታቸው ኪስ የደረሰኝ እሽግ አውጥተው ዘረጉ። «እንግዲያው ይኸን እዩልኝ።»

ሱሩር ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። «ከእርስዎ ደረሰኝ መቀበልማ ነውር ነው።»

«ወረቀት ደግሞ በሽታውን ይይዛል ይላሉ» ሲል ዱካሞ አገዘው።

«ሳኒታይዘር አለ!»

«የደረሰኙን ጽሑፍ ያጠፋዋል፣ ክቡር ዳኛ» አለ ዱካሞ።

እሽጉ በተዘረጋው እጃቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ሱሩር ወደ ሁለቱ ዞረ። «እንግዲህ ክቡር ዳኛ ንጹሕ ናቸው የምትሉ?» ሦስቱም እጃቸውን አወጡ። በለጥሽማ ሁለቱንም አወጣች። አጨበጨቡላቸው።

«አቁሙ!» አሉ ዳኛው። «ማስረጃ ሳይታይ ነው እኮ የፈረዳችሁልኝ! እንዲህ ያለ ፍርድ በይግባኝ ሲመጣልኝ ስሽር ነው የኖርኩት። እኔ ጭብጨባ አልፈለግሁም፤ ስሜን ነው የፈለግሁት። መኪናዋስ? ስለ መኪናዋ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው የለም?»

ሱሩር ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ንገሩኛ! ጥያቄ አላችሁ ወይስ የላችሁም?»

በለጥሽ ከወለሉ ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች።

«አለን እንጂ፣ ክቡር ዳኛ። እሱንማ እርስዎ ሲሄዱ እንነጋገርበታለን።»