አሥራ አንድ ቀይ ክር

“አሥራ አንድ! አሥራ አንድ ቦታ!” አሉ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ፣ የግቢውን በር ገና ሳያልፉ መጽሐፋቸውን ከፍ አድርገው እያሳዩ። “ይህን ያህል ክብር አልጠበቅሁም። እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ሥርጉት!”

ሥርጉት ከገመድ ላይ የምታወርደውን አንሶላ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከመጽሐፉ ጠርዝ አሥራ አንድ ቀይ ክሮች ተንጠልጥለዋል። ያሰረቻቸው ራሷ ናት። ለክብር ግን አልነበረም።

“ማን ሰጠዎት፣ መሪጌታ?”

“ሀዲስ ነዋ! ጠዋት አንቺ ሥራ ሳለሽ አምጥቶ ሰጠኝ።”

ባሏ ሀዲስ ጥግ ላይ ባጃጁን እያጠበ ነበር። ስሙ ሲጠራ ደግ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ፈገግ አለ። የሥርጉትን ፊት ሲያይ ግን ፈገግታውን መልሶ ዋጠና ጎማውን ማሸት ጀመረ። ያ ጎማ እንዲያ ታሽቶ አያውቅም።

ሥርጉት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ጥራት ስትቆጣጠር ኖራለች። ጨርቁ መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ እየተንከባለለ ያልፋል፤ እንከን ያየችበት ቦታ ላይ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። እጇ ይህን ከለመደ በኋላ መጽሐፍም አላመለጠውም። ውሸት የመሰላትን ገጽ ዳሩን በመርፌ ወግታ ክር ታስርበታለች። ፔዳ አካባቢ መጽሐፍ የሚያከራየው ጽጌ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ ኋላ ደንበኞቹ ክር እየቆጠሩ መከራየት ሲጀምሩ ቀይ ክር ራሱ ይገዛላት ጀመር።

ባለፈው ወር አንዱ ልቦለድ አራት ክር ተቀበለ። የታሪኩ ሰው ባሕር ዳር ቆሞ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ በምዕራብ ባለችው በቁንዝላ በኩል ስትወጣ ያያል። “ይኼ ደራሲ ከእንቅልፉ የነቃው ሲመሽ ነው” አለች ሥርጉት። ሌላው ልቦለድ ውስጥ ልጅቱ ስድስት ጊዜ ራሷን ስታ ትወድቃለች፤ “አንድ እንኳ ሐኪም ቤት የሚወስዳት ዘመድ የላትም?” ብላ ስድስቱንም አሰረቻቸው። የአንድ ነጋዴ የሕይወት ታሪክ ዘጠኝ ክር ያዘ። “ሰውየው በዕድሜው አንድ ቀን አልተሳሳተም። ታዲያ ሦስት መቶ ገጽ ምን አወሩበት?” በአንጻሩ ስለ አንዲት አዋላጅ የተጻፈ ልቦለድ ክር ሳይነካው ተመለሰ። “ሴትዮዋን ገበያ ባገኛት አውቃታለሁ” ብላ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ወረፋ ይያዝበታል።

እንግዲህ መሪጌታ ስለ ሟቹ አባታቸውና መምህራቸው ስለ የኔታ መርስዔ ኀዘን ጽፈው እንድታነበው የሰጧት የሕይወት ታሪክ አሥራ አንድ ክር ነው የያዘው። እስከ ዛሬ ትልቁ። ሥርጉት ዛሬ ከሥራ መልስ ይዛው ሄዳ በለሰለሰ ቃል ልታስረዳቸው ነበር ያሰበችው፤ ሀዲስ ግን ቀደማት።

“የብራና መጻሕፍቱ እኮ እንዲህ ናቸው” አሉ መሪጌታ ክሮቹን እየዳሰሱ። “ሥዕል ያለበት፣ ለበዓል የሚነበብ ምንባብ ያለበት፣ ገጹ ዳር ላይ ክር ይታሰርበታል። አንቺ የፋብሪካ ሰው ሆነሽ ይህን ወግ ከየት አገኘሽው? ነገ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መጽሐፉ ሲመረቅ ሌላ አላነብም። ያንቺን አሥራ አንዱን ብቻ!”

አንሶላው ከሥርጉት እጅ አምልጦ እርጥብ መሬት ላይ ወደቀ።

ሀዲስ ጎንበስ ብሎ አንሶላውን እያነሣ “ዝም በይ፤ ደስ ብሏቸው የለ?” አላት በሹክሹክታ።

“ነገ አዳራሹ ውስጥ ግማሹ የጽጌ ደንበኛ ነው፣ ግማሹ የፋብሪካ ሰው” አለችው እሷም በሹክሹክታ። “የሰባ ዓመት ሽማግሌ ስህተታቸውን ብቻ መርጠው ሲያነቡ ሰው ሊስቅባቸው ነው!”

ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞረች።

“መሪጌታ፣ ይቀመጡ።”

“ቆሜ ብመርቅሽ ይሻላል።”

“ይቀመጡ፣ በመድኃኔ ዓለም። እኔ ክር የማስረው... እንከን ያየሁበት ላይ ነው።”

መሪጌታ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። መጽሐፉን አዩት፤ እሷን አዩ፤ እንደገና መጽሐፉን።

“አሥራ አንዱም?”

“አሥራ አንዱም።”

ከፊታቸው ላይ ደም ሲሸሽ ታየ። ሀዲስ ውሃ ሊያመጣ ሮጠ፤ ውሃውን ይዞ ሲመለስ ግን ደንግጦ ራሱ ጠጣው። መሪጌታ ክሮቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ሰባተኛው ላይ ቆሙ።

“ይኼ ድርብ ነው።”

“ድርብ አሰርሁት። ያንብቡት እስቲ።”

መሪጌታ አነበቡ፦ “አባቴ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ትምህርት ፍለጋ ከቁንዝላ ተነሥቶ፣ ማዕበል እየናጠው፣ ብቻውን ታንኳ ቀዝፎ ከገዳሙ ደሴት ደረሰ።” ቀና አሉ። “ይህን መነኮሳቱ በዓይናቸው አይተዋል! ብቻውን ከውሃ ሲወጣ አይተውታል!”

“ሲወጣ አይተዋል። ሲቀዝፍ ግን አላዩትም” አለች ሥርጉት። “የቀዘፈችው አያቴ የሺመቤት ናት፤ የቁንዝላ ዓሣ አጥማጅ ልጅ። ‘መርስዔ ኀዘን ፈርቶ ታንኳው ላይ ተኝቶ ሲያለቅስ እኔ ቀዘፍሁ’ ትለን ነበር። ደሴቱን ሴት አትረግጠውም፤ ጉልበት ከሚደርሰው ውሃ ላይ አውርዳው ማንም ሳያያት ተመለሰች። የልጅ ተረት ይመስለኝ ነበር፣ መጽሐፍዎን እስካነብ ድረስ።”

መሪጌታ ያነበቡትን ዓረፍተ ነገር በጣታቸው እየተከተሉ እንደገና አዩት።

“የክርስትና ስሟስ?” አሉ።

“ወለተ ጊዮርጊስ።”

መጽሐፉ ከጭናቸው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። የሚያነሣው አልነበረም።

“አባቴ...” አሉ። “አባቴ እስኪሞት ድረስ ማታ ማታ ሲጸልይ ‘ተዘከራ ለአመትከ ወለተ ጊዮርጊስ’ ይል ነበር። አገልጋይህን አስባት! እናቱ አይደለች፤ እኅቱ አይደለች። እናቴ በዚህ ስም አንድ ሁለቴ ተጣልታዋለች። ማን ናት ብለን ብንጠይቀው መልስ አልሰጠንም።”

ሥርጉት አፏን በእጇ ያዘች። ሀዲስም ባዶውን ብርጭቆ ይዞ እንደቆመ ቀረ።

መሪጌታ መጽሐፉን ራሳቸው አነሡት፤ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ተነሡ።

“ነገ ሰባተኛውን አነባለሁ። ‘ብቻውን’ ስል አንቺ ተነሥተሽ ታርሚኛለሽ።”

“በሰው ሁሉ ፊት? እንዴት አድርጌ!”

“አባቴን ያሻገረችው ማዕበሉን አልፈራችም። አንቺን የሚያስፈራሽ አዳራሽ ብቻ ነው።”

ሥርጉት ሳቅና እንባ ተቀላቀለባት። “እሺ፣ እነሣለሁ” አለች። “ቀሪዎቹን አሥሩንስ ምን ያደርጓቸዋል?”

“እነሱን አልነካቸውም። አባቴን እኔ ነኝ የማውቀው።”

“‘የኔታ በዕድሜያቸው አንድም ተማሪ መትተው አያውቁም’ የሚለውንም?”

መሪጌታ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ሳይዞሩ መለሱላት፦

“እሱን ክር ጀርባዬ ላይ ብታስሪው ይሻል ነበር።”