በአባባ ኦኬዮ እርምጃ የተለካ ጣሪያ

ከባሌ ታናሽ ወንድም ከኦቦኞ ጋር ያልተጨቃጨቅንበት ነገር ባይኖርም፣ የቆርቆሮው ጭቅጭቅ ግን የተለየ ነበር። እሱ ሠላሳ ሁለት ይላል፣ እኔ ሃያ አራት እላለሁ። ኦቦኞ አናጢ ነው፤ ጣሪያ ይመታል፣ በርና መስኮት ይሠራል፣ ሰው ሲሞትም ሳጥኑን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። በዚህ ሐይቅ ዳር ግማሹ ሰው የሚያድረው እሱ በመታው ጣሪያ ሥር ነው። ይህንንም ቀን ከሌት ሲነግረን ይውላል።

"እትዬ አፖንዲ፣ እኔ ቆርቆሮ መቁጠር የጀመርኩት ትናንት አይደለም" አለኝ።

"እኔም ያንተን አፍ ያወቅሁት ትናንት አይደለም" አልኩት።

ባሌ ኦሴዌ አጠገባችን ተቀምጦ የዓሣ መረቡን ይጠግናል። አንድ ቃል አይወጣውም። እሱ ዝም ስለሚል ነው እኮ እኔ የሁለት ሰው ያህል የማወራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካገባሁ ጀምሮ የኖርኩት በባሌ አባት ግቢ፣ በሩ አጠገብ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አራት ልጆች ወልጄባታለሁ። አንዳችን ስንገላበጥ ሌላችን እንነቃለን። አማቼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ የምመኘው የራሴን ግቢ፣ እኛ ዳላ የምንለውን ነበር፤ ጠዋት በሬን ስከፍት የራሴ ደጅ እንዲቀበለኝ። ለኦቦኞም ቢሆን ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። በእኛ ዘንድ ታላቁ ሳይወጣ ታናሹ አይወጣም። የአገሩን ጣሪያ ሁሉ ሲመታ ኖሮ የራሱን መምታት ያልቻለው በእኛ መዘግየት ነው። አንድም ቀን አላማረረም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር፣ ያሳዝነኝም ነበር።

መውጣት ደግሞ ዝም ብሎ ብድግ ማለት አይደለም። ቦታውን የሚያሳየው የአባት ወንድም ነው። በዕለቱ ማለዳ እሱ ይመራል፤ ባል መጥረቢያ፣ የበኩር ልጅ አውራ ዶሮ፣ ሚስት እሳት ይዘው ይከተሉታል። ከዚያ በፊት መሬቱ ላይ ካስማ መትከልም ሆነ ገመድ መዘርጋት ነውር ነው። የቤቱን ልክ የሚያወጣው ሽማግሌው በራሱ እርምጃ ነው፤ በባሌ ቤተሰብ ርዝመቱ ዐሥራ ሁለት፣ ወርዱ ስምንት እርምጃ ነው። ቤቱም በዚያው ቀን ቆሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣሪያው መዘጋት አለበት። ግድግዳው በደንገል ምንጣፍ ይጋረዳል፣ ጭቃው በኋላ ይመረጋል፤ ጣሪያው ግን ለነገ አይባልም። ካልተዘጋ ይፈርስና ለከርሞ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከርሞ ማለት ደግሞ ለእኛ በጣም ሩቅ ነበር። ከአማቼ ወንድሞች በሕይወት የቀሩት አባባ ኦኬዮ ብቻ ናቸው። ባለፈው የዝናብ ወቅት ክፉኛ ታመው፣ አበቃላቸው ብለን አልቅሰን ነበር። እሳቸው ካለፉ የሩቅ ዘመድ ደጅ ስንጠና ልንኖር ነው።

ታዲያ ሳይለካ የሚሠራ ቤት ስንት ቆርቆሮ ይፈጃል? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው።

"የታላቁን የአጎታችንን ልጅ ቤት ለክቼዋለሁ" አለ ኦቦኞ። "እሱንም ያሰመሩት እኚሁ አባባ ኦኬዮ ናቸው። ያው ዐሥራ ሁለት እርምጃ። ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ ይወስዳል።"

"ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። አሁን ሲሄዱ አይተሃቸዋል? ዶሮ እኮ ነው የምትቀድማቸው።"

"እና በምን ላስላ ነው የምትዪው?"

"በዛሬው እግራቸው ነዋ።"

ቆርቆሮው የሚመጣው ከሐይቁ ማዶ ካለው ከተማ በጀልባ ነው። የተረፈውን መልሼ ልውሰድ የሚል ባለሱቅ የለም። ያለችን ገንዘብ ልክ ናት፤ ለትርፍ ቆርቆሮ ካወጣናት በሩ ይቀራል። ስለዚህ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሲባጎ ይዤ አባባ ኦኬዮ ወደ ሐይቁ በሚወርዱበት መንገድ አደፈጥኩ። ምራት የአማቷን ወንድም እየተከተለች ዱካ ስትቆጥር ብትታይ ጉድ ነው። ግን አንዴ ጨክኛለሁ። እሳቸው ሲያልፉ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ከተረከዝ እስከ ተረከዝ ለካሁና ቋጠርኩ። ቀና ስል ቆመው ያዩኛል።

"ምን ጠፋብሽ፣ የካዲሞ ልጅ?" አሉኝ። ሽማግሌዎቹ የሚጠሩኝ በተወለድኩበት አገር ስም ነው።

"መርፌ ነው፣ አባባ።"

"ጭቃ ውስጥ?"

"አዎ፣ አባባ።"

ሲባጎውን አየት፣ እኔን አየት አደረጉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከሀፍረቴ የተነሳ ጭቃው ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሲባጎውን አምጥቼ ኦቦኞ ፊት ጣልኩለት። ለካው፣ በዐሥራ ሁለት አበዛው፣ ለክፈፉ ጨመረበት፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ሁለት ሁለት ቦይ ሲደራረብ የሚበላውንም አሰበ። ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ከጣሪያው ጫፍ እስከ ክፈፉ አንድ ቆርቆሮ ይበቃል። በአንዱ ጎን ዐሥራ ሁለት፣ በሁለቱም ጎን ሃያ አራት።

"ጥቂት እንጨምር" አለ።

"አንድም አልጨምርም።"

"እሺ። ጣሪያው ላይ ሆኜ አይሻለሁ" አለኝ።

ቀኑ ደረሰ። አባባ ኦኬዮ ኮት ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው መጡ። ቦታው ላይ ስንደርስ ከዘራቸውን ለኦሴዌ ሰጡት። እኔ እሳቱን ይዤ ቆሜ እግራቸውን እግራቸውን አያለሁ። የመጀመሪያውን እርምጃ አነሱ። ሽማግሌው እግራቸውን ወርውረው ነው ያሳረፉት። ሁለተኛውን ከዚያ አስረዘሙት። ሰዉ እየተከተለ ይቆጥራል፣ ያጨበጭባል። ኦቦኞ መዶሻውን ይዞ እኔን ብቻ ያያል።

"አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ" አልኳቸው።

"ለምን? ደከመሽ?" አሉኝ፤ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

ርዝመቱን እንዲህ ጨረሱት። ወርዱ ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና የወትሮው እርምጃቸው ተመለሰ። እንዲህ ሆኖ ቤቴ እንደ ጀልባ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ተሰመረ። እናሳጥረው እንዳይባል፣ ሽማግሌ የረገጠው ልክ አይነካም።

እንጨቱ አላስቸገረም። ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ተጨማሪ አጠና እየቆረጠ አመጣ። ምሰሶው ቆመ፣ ወራጁ ወጣ፣ ማገሩ ተመታ። ኦቦኞ ከምሥራቁ ጫፍ ጀምሮ ቆርቆሮውን እየደረደረ መጣ። እኔ ከታች ሆኜ የቀረውን እቆጥራለሁ። ቀኑ ዘቅዘቅ ሲል የመጨረሻው ተመታ። በምዕራብ በኩል ማገሩ አጥንቱን አውጥቶ፣ ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል።

"ስድስት ጎደለ" አለ ኦቦኞ ከላይ ሆኖ። ያሾፍብኛል ብዬ ነበር፤ አላሾፈም። ፊቱ ጠቁሯል። ይሄ ቤት ከፈረሰ የእሱም አብሮ እንደሚፈርስ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

"ነቅለን አንድ አንድ ቦይ ብቻ ብናደራርበውስ?"

"የሐይቁ ነፋስ ዝናቡን ሽቅብ ነው የሚነዳው። ወንፊት ውስጥ ነው የምትኖሪው። ደግሞ ሁለት ነው የሚያተርፍልን፤ አራት ይጎድላል።"

ጀልባ ማዶ ደርሶ እስኪመለስ ይመሻል። ኦሴዌ መጥረቢያውን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል። እኔ እንባዬ መጣ፤ ከእንባዬ ደግሞ ንዴቴ ባሰ። አባባ ኦኬዮ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ኡጋሊ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ በኦሜና፣ በደቃቃው የሐይቅ ዓሣ፣ ይበላሉ። ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክሁ።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ምን በድዬዎት ነው?"

"ምን አደረግሁሽ?"

"በደህናው ቀን እግርዎን ጎትተው ነው የሚሄዱት። ዛሬ እንደ ሰጎን የዘለሉብኝ ለምንድን ነው?"

ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡ። "የካዲሞ ልጅ፣ በዚያ በጭቃው ቀን ገመድ ይዘሽ ስትለኪኝ አይቼሻለሁ" አሉኝ። "የባልሽ ወንድም ሳጥን ይሠራል። እኔ ደግሞ ገና ከአልጋ መነሳቴ ነው። አንድ ሰው በቁሙ ለሳጥን ሲለካ ምን የሚል ይመስልሻል? ማታ ማታ ጉልበቴን በቅባት ስታሽ ነው የከረምኩት። ገና ነኝ ልላችሁ ነው።"

ኦቦኞ መሰላሉ ላይ እንዳለ ሰምቶ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ሳቅ አመለጠኝ፣ እንባዬም አብሮ ወረደ፤ የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቅ።

"ለቆርቆሮው እኮ ነው፣ አባባ" አልኩ። "እርምጃዎን ነው የለካሁት። ቤቱ ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅ ለማወቅ ነው።"

"ለቆርቆሮ?"

"ለቆርቆሮ። እግዜር ያውቃል።"

ቀና ብለው ክፍቱን ጣሪያ አዩት፣ ፀሐይዋንም አዩ። "ስንት ጎደለ?" አሉ።

"ስድስት።"

"ኦሴዌ" ብለው ባሌን ጠሩት። "ጎረምሶቹን ይዘህ ሂድና አልጋዬን አንሳ። ከሥሩ ስምንት ቆርቆሮ አለ። በሕመሜ ጊዜ ለመቃብሬ ክዳን ይሆናል ብዬ ያስገዛሁት ነው።"

"ይሄማ አይሆንም፣ አባባ። ለእርስዎ ማረፊያ ያሉትንማ ምን ልሁን ብዬ እወስዳለሁ?" አልኩ።

"ስገላበጥ እየተንኳኳ እንቅልፍ ነስቶኛል። ይልቅ ፍጠኑ፣ ፀሐይዋ ትጠልቅባችኋለች።"

ኦሴዌ፣ ያ ዝምተኛ፣ እየጮኸ ሰዉን ሲያጣድፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ቆርቆሮውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው እየሮጡ አመጡት። ጫፍ ጫፉን ዝገት ነክቶታል እንጂ ደህና ነው። ኦቦኞ ሚስማሩን በአፉ ይዞ ይመታል፣ ሁለት ሰው ከታች ያቀብላል። እኔ ምንም ማድረግ ስለማልችል ቤቱን ዞርኩት፤ ደግሞ ዞርኩት። የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲመታ ፀሐይዋ ሐይቁን ነክታ ነበር። እሳቴን ይዤ ገባሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቀና ብዬ አየሁ፣ ሰማይ አይታይም። በራሴ ቤት ቆምኩ።

ስወጣ ኦቦኞ ወርዶ የተረፉትን ሁለት ቆርቆሮዎች ከአባባ ኦኬዮ ፊት አስደግፏቸዋል።

"እነዚህን አልጋዎ ሥር ልመልሳቸው?" አላቸው።

"ምን ያደርጉልኛል?" አሉ። "ላንተ ቤት አስቀምጣቸው። ወንድምህ ወጣልህ እኮ፤ ተራው ያንተ ነው። ሂሳብህን ስትሠራ በዛሬው እርምጃዬ አድርገው፤ ከዚህ አላሳጥርም። መቼ ነው ያሰብከው?"

ኦቦኞ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

"ከርሞ በዚሁ ጊዜ፣ አባባ" አለ።

"እሺ፣ እቆይሃለሁ" አሉት።