ከልኩ በላይ ያማረ ጉርድ

ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ የደንብ ልብሱን ቀለም ሲቀይር ማንንም አላማከረም። ዓምና ሰማያዊ የነበረው የሴቶቹ ጉርድ ዘንድሮ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለወላጅ የተላከው ደብዳቤም ስለ ምክንያቱ ትንፍሽ አላለም። ጉርዱ ሸዋ በር ካለው አንድ ሱቅ ብቻ እንደሚገዛ፣ ከሌላ ቦታ ገዝቶ ወይም አሰፍቶ የመጣ ተማሪ ከጥቅምት በኋላ ከበር እንደሚመለስ ግን ሁለት ጊዜ ጽፏል። ሁለተኛውን በደማቅ ቀለም።

ተናኘወርቅ ደብዳቤውን አቦከር ሰፈር ካለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ አነበበችና ደሟ ፈላ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጇ ባርኮት ያላት ሰማያዊ ጉርድ ገና ዓመቱ ነው። አልነተበም፣ አላጠረም። እሺ፣ ቀለሙ ይቀየር፤ ደስ ካላቸው በየዓመቱ ይቀያይሩት። ግን ሱቁ ለአንድ ጉርድ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር ይላል! ተናኘወርቅ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ የምዝገባውና የተርሙ ክፍያ ደመወዟን ጠራርጎ ወስዶታል። ጨርቁንም ታውቀዋለች። በግንብ በተከበበው አሮጌው ከተማ ውስጥ አንድ መደብር በር ላይ ጥቅልሉ ቆሞ አይታዋለች፤ ያው ቀለም፣ ያው ድር። አስለክታና አሰፍታ ከሺህ ብር አይዘልም።

ጎረቤቷ ዐዚዛ ጥርሷን ነክሳ ለልጇ ለኑሀ ከሱቁ ገዝታለች። እሷ ጭቅጭቅ እንደማትችል ነገረቻት። ተናኘወርቅ ጭቅጭቅ ትችላለች፤ የማትችለው ብሩን ነው። ጥቅምት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት የኑሀን ጉርድ ለናሙና ተውሳ በፌስታል ያዘች። ጨርቁን ገዛችና መኪና ግርግር ወረደች።

መኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ተደርድረው የሚሰፉበት ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ ነው። ሰዉ ለታላቅ በሚሰጠው ማዕረግ አው ዐብዱናስር የሚላቸው ሽማግሌ ሰፊ እዚያ መቀመጥ ከጀመሩ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የተናኘወርቅን የልጅነት ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ የመልሷን ቀሚስም እንዲሁ። ያኔ ልጅ ያለው ሁሉ መስከረም ሲጠባ የሚመጣው እዚህ መንገድ ላይ ነበር፤ የት አሰፋህ ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት አልነበረም።

ሽማግሌው የኑሀን ጉርድ ገልብጠው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ፣ እንደገና አዩት። ሽንሽኑ አንዱ ሰፊ ሌላው ጠባብ ነው። ውስጡ ስላልተዘመዘመ ክሩ ከወዲሁ ተተልትሏል። የታችኛው እጥፋት አንድ ጣት አይሞላም።

«ልጄ፣ ይኼን የሰፋው ሰው ቸኩሎ ነው ወይስ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ?» አሉ።

ተናኘወርቅ ሥራው ምንም ቢሆን ልክ እንደዚህ እንዲሰፉላት ለመነቻቸው። ሽንሽኑ ይዛነፍ፣ እጥፋቱ ይጥበብ፣ ክሩም ይንጠልጠል አለች። የደብዳቤውን ነገር ከነገረቻቸው በኋላ ሳቁ። ሰው አሳምርልኝ ብሎ ሲመጣ እንጂ አበላሽልኝ ብሎ ሲመጣ አይተው አያውቁም። ኢንሻአላህ አበላሽልሻለሁ ብለው ቃል ገቡላት።

እሑድ ማታ ስትመጣ ጉርዱ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶና ታጥፎ ጠበቃት። አው ዐብዱናስር እንዳበላሹት ከልባቸው አምነዋል። ከወገቡ ላይ አንድ መስመር ስፌት ቀንሰዋል፤ ለእሳቸው ይህ ትልቅ ግፍ ነው። የቀረውን ግን እጃቸው እንደለመደው ሠርቶታል። ሽንሽኑ እኩል ነው፣ ውስጡ ዙሪያውን ተዘምዝሟል፣ ታች ደግሞ አራት ጣት ታጥፏል። ለሚያድግ ልጅ አራት ጣት ያልተተወለት ጉርድ እሳቸው ዘንድ ጉርድ አይባልም፤ ልጅቷ ቁመት ስትጨምር እጥፋቱ እየተፈታ ሁለት ዓመት ይለበሳል።

ጥፋቱ የተናኘወርቅም ነው። ማየት ነበረባት። ባርኮት ለብሳው ስትሽከረከር ግን ምን ብላ እንዳዘዘች ረሳችው፤ ደስ አላት። ሁለት ዓመት የሚል ነገር የሰማች እናት ሌላ ነገር አይታያትም።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደሩ ዮሐንስ በልጆቹ መካከል እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አለፈ። ሠላሳ የተንጋደደ ጉርድ መሀል አንድ ቀጥ ያለ አየ። ሌላ ምርመራ አላስፈለገውም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ባርኮት ቦርሳዋን አዝላ ከበር ውጪ ቆመች፣ ተናኘወርቅም ከመሥሪያ ቤቷ ተጠርታ በባጃጅ መጣች።

ዮሐንስ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ትሑት ነው፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ደንቡ የወጣው ያለውና የሌለው ልጅ እንዳይለይ፣ ሁሉም እኩል እንዲሆን መሆኑን በረጋ ድምፅ አስረዳት።

«እኩል እንዲለብሱ ነው እኩል እንዲቀደድባቸው?» አለችው።

እሱ ግን ፈተና ረቡዕ እንደሚጀመር፣ ሳይፈቀድለት የቀረ ልጅ ዜሮ እንደሚያዝበት፣ የሚደገም ፈተናም እንደሌለ ነገራት። ባርኮት ሳይንስ ስታጠና ነው የሰነበተችው፤ የደም ዝውውርን ከላይ እስከ ታች ለእናቷ ወጥ ቤት ቆማ አስረድታታለች። ተናኘወርቅ ይህን ስታስብ ጭቅጭቁ ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

ተሸነፈች። ከሥራ ባልደረባዋ ተበድራ ሸዋ በር ወደሚገኘው ሱቅ ሄደች። ባለሱቋ ብርነሽ የልጅቷን ቁጥር ጠየቀቻትና የዚያ ቁጥር እንዳለቀ፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ ከስልኳ ቀና ሳትል ነገረቻት። ታዲያ ልጄ እስከዚያ ምን ትልበስ ብትላት፣ እሱ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው አለች። ተመልሳ ዮሐንስን ብትጠይቀው፣ እሱ የሱቁ ጉዳይ ነው አለ። ብሩን እንደያዘች መንገድ መሀል ቆመች። ልብሱን እንዳታሰፋ ከለከሏት፤ ልግዛ ስትል ደግሞ የለም አሏት። እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ይነግሩታል?

ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅዳ አው ዐብዱናስር ጋ ተመለሰች። ጉርዱን መኪናቸው ላይ ስትዘረጋው የተቀደደ መስሏቸው ደነገጡ። አልተቀደደም፤ ስላማረ ነው የመለሷት አለቻቸው። ምላጭ ይስጡኝ፣ እኔው እተለትለዋለሁ ብላ እጇን ዘረጋች።

ሽማግሌው ምላጩን አነሱ፤ ለእሷ ግን አልሰጧትም።

«የኔን ስፌት ሌላ ሰው አያፈርሰውም» አሉ።

ሥራው ረጅም ጊዜ ወሰደ። ወገቡን ፈቱ፣ ሽንሽኑን በታተኑ፣ አንዱን ሰፊ ሌላውን ጠባብ አድርገው እንደገና ያዙት። ዝምዝማቱን ዙሪያውን መዘዙት። የታችኛው እጥፋት ላይ ሲደርሱ መቀሱን ይዘው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ሦስቱን ጣት ቆርጠው ጣሉት። ከእንግዲህ የሚፈታ ነገር የለም፤ ባርኮት ቁመት እንደጨመረች ሌላ ጉርድ ይገዛል። ካውያውንም አልነኩትም፤ ጉርዱን ጨምድደው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት። ብር ስትዘረጋላቸው እጇን መልሰው ገፉት።

«ማን ሰፋው ካሉሽ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ስሜን እንዳታነሺ» አሏት።

ተናኘወርቅ አፈረች። ያፈረችው ስለ ራሷ ይሁን ስለ ትምህርት ቤቱ ለመለየት ግን አልቻለችም። ለአርባ ዓመት ስሙን በክር ሲጽፍ የኖረን ሰው ስሙን አስደበቀችው።

ረቡዕ ጠዋት ዮሐንስ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከእናቷ ጋር የመጣችውን ባርኮትን አስቁሞ ጉርዷን ተመለከተ። የተዛነፈውን ሽንሽን፣ የተንጠለጠለውን ክር፣ የጠበበውን ጠርዝ አንድ በአንድ አየና ፊቱ ፈታ አለ። እናትየዋን ተባብራ ችግሩን ስለፈታች ከልቡ አመሰገናት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሎ ከሱቁ ነው አይደል ሲል ጠየቃት።

ባርኮት እናቷን አየች። ተናኘወርቅ ልጇ አንድ ብርጭቆ ሰብራ ብትዋሽ ማታውን ሙሉ የምትቆጣ ሴት ናት። አሁን ግን አዎ በይ በሚል አንገቷን ነቀነቀችላት።

«አዎ ቲቸር፣ ከሱቁ ነው» አለች ባርኮት፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

ዮሐንስ ጎበዝ ብሎ ራሷን ዳበሳትና አስገባት።