ባለ አሥራ አራት ሥራው ቢላ

መኳንንት ቢላውን መጀመሪያ ያሳየኝ ልክ ልጅ እንደ ወለደ ሰው ነበር። ከኪሱ አወጣ፣ በሁለት እጁ አቀፈው፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሥራ አራት ሥራ ይሠራል» አለኝ።

እኔ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ እትዬ ብርነሽ ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። የማውቀው ቢላ አንድ ሥራ አለው፤ ይቆርጣል። ሌላውን አሥራ ሦስቱን ጠየቅሁት። በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። ጠርሙስ ይከፍታል፣ ቆርቆሮ ይከፍታል፣ ብሎን ይፈታል፣ መኪና ሲገለበጥ የወንበር ቀበቶ ይበጥሳል፣ በቂጡ መስታወት ይሰብራል፣ በጨለማ ያበራል፣ ፊሽካ ይነፋል። እዚህ ሲደርስ አፍንጫውን አከከና «ሌላም አለው» አለ።

አልዋሽም፣ እኔም ልቤ ተነክቶ ነበር። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ መኪና ሲገለበጥ፣ እኔ ቀበቶ በጥሼ ሰው ሳወጣ ታየኝ። በነጋታው ማታቱ፣ የናይሮቢን ሚኒባስ፣ ስሳፈር ግን ቀበቶው ድሮውንም ተበጥሷል። በሲባጎ አስረውታል።

መኳንንት ጊጊሪ ሰፈር ለአንድ የውጭ ድርጅት ሹፌር ነው። ፈረንጆቹ ጠረፍ ደርሰው ሲመለሱ እሱ መኪናቸውን ያጥባል። ልብሱን ብታዩ ግን ጠረፉን ብቻውን ይዞ የከረመ ይመስላችኋል። ኪስ በኪስ የሆነ ሰደርያ፣ የወታደር ጫማ፣ ቀበቶው ላይ የቢላ አፎት። በየቀኑ የሚገጥመው ጠላት የሊሙሩ መንገድ መጨናነቅ ነው።

ይህ ሰው ሚዛንን ማግባት ፈለገ። የላቪንግተን ሰፈሩን ነጋዴ የአቶ ታዴዎስን ልጅ። እሷ እሺ ብላዋለች፤ ለምን እንደሆነ እሷን ጠይቁ። ግን መስከረም ላይ ለትምህርት ካናዳ ልትሄድ ነው፤ ከዚያ በፊት መታጨት አለባቸው። አባትየው ደግሞ በሽማግሌ ካልመጣ በሬን አልከፍትም ብለዋል። ናይሮቢ ውስጥ አቶ ታዴዎስ ቃሉን የሚያምኑት ሽማግሌ አንድ ነው፤ ጋሽ ሃብተ።

ጋሽ ሃብተ የአሥመራ ሰው ናቸው። አማርኛቸውን የለመዱት በወጣትነታቸው ድሬዳዋ፣ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲሞርዱ ነው። ሰባን አልፏቸው ዛሬም ብረት ካዩ በጥፍራቸው ሳይመቱ አያልፉም።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ መኳንንት ጋሽ ሃብተን ቁርጥ ሊጋብዛቸው እኛ ቤት ይዟቸው መጣ። ጋባዡ ቆርጦ ታላቁን ያጎርሳል፣ ከዚያ ጉዳዩ ይነሣል፤ ልማዱን ታውቃላችሁ። ከሽንጡም ከሻኛውም አድርጌ አቀረብሁ። አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ። ከጎኑ ቢላችንን አኖርሁ።

ቢላችን አያምርም። እጀታው ላይ የተጠመጠመው አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ነው፤ ስለቱ ከመሳል ብዛት እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጥኗል። መኳንንት በሁለት ጣቱ አንሥቶ ጠራኝ።

«አስቻለው፣ ይሄ ምንድነው? የቆርቆሮ ቅዳጅ! ጋሽ ሃብተን በዚህ ነው የምታበሏቸው? እትዬ ብርነሽ፣ ኧረ አያፍሩም?»

እትዬ ብርነሽ ካሸሩ ጋ ሆነው ቀና አሉ። እኔን አዩኝ። እኔ ጋሽ ሃብተን አየሁ። ጋሽ ሃብተ ሎሚ ይጨምቃሉ።

ያን ቢላ የሠሩት ጋሽ ሃብተ ናቸው። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቆርጠው፣ ካሙኩንጂ ሜዳ ላይ ብረት ከሚቀጠቅጡት አንጥረኞች ጋር ሦስት ቀን ውለው፣ ስድስት ቢላ አውጥተው ቤቱ የተከፈተ ዕለት ለእትዬ ብርነሽ ሰጡ። መኳንንትን በዓይኔ ልጠቅሰው እችል ነበር። አልጠቀስሁትም። ፊሽካ የሚነፋው ቢላው ያስጠንቅቀው።

«ወደይ» አሉ ጋሽ ሃብተ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እስቲ ያንተን አሳየን።»

ጧ! አድርጎ ከፈተው። ጥቁር ነው፤ ግማሹ ስለት፣ ግማሹ መጋዝ።

«ታክቲካል ይባላል ጋሼ። የአሜሪካ ወታደር የሚይዘው ነው።»

«ወታደሩ የሚበላው በመጋዝ ነው?»

«ጋሼ ደግሞ! ይሄ እኮ ብረት ይቆርጣል።»

«ያዘዝኸው ሥጋ ነው» አሉ።

ሽንጡን ያዘና ቢላውን ሳበ። የመጋዙ ጥርስ ጅማት ነከሰ። ገፋው፤ አልሄደም። ደግሞ ሳበው፤ ሥጋው ከሳህኑ ተነሥቶ አብሮት መጣ። ያን የመሰለ ሽንጥ እንደ አሮጌ ሹራብ ተተረተረ። አንዴማ ቢላው በራሱ ታጠፈና ጣቱን ለጥቂት ሳተው፤ አሥራ አምስተኛ ሥራው መሆኑ ነው። በመጨረሻ የተንጨፈረረውን ሥጋ ሎሚ አስነክቶ፣ ሚጥሚጣ ላይ አንከባሎ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፎ አጎረሳቸው። አጎራረሱ እንኳ ያምር ነበር።

ጋሽ ሃብተ አኘኩ። አቆሙ። ከምላሳቸው ጫፍ በጣታቸው አንድ ነገር አነሡና ወደ መስኮቱ አቀኑት። የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥቁር ቅርፊት። ሁላችንም ቢላውን አየን። ሎሚው የነካው ቦታ ተልጦ ከሥሩ የሰርዲን ጣሳ የመሰለ ነጭ ብቅ ብሏል።

«ቀለም ነው» አሉ።

«ኮቲንግ ነው ጋሼ፤ ሃኩና ሺዳ፣ ምንም አይልም።»

«ከየት ገዛኸው?»

«ከታውን፣ መንገድ ላይ። ግን ሻጩ ኦሪጅናል ነው ብሎ ምሎልኛል።»

ጋሽ ሃብተ አፋቸውን ተጉመጠመጡ። የኛን ቢላ አነሡና ከሽንጡ አንድ ጉርሻ ቆረጡ፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። መኳንንትን አጎረሱት። አዝነውለት ይሁን አፉን ሊዘጉ፣ አላውቅም።

«የቆርቆሮ ቅዳጁን የሠሩት እሳቸው ናቸው» አሉ እትዬ ብርነሽ ከወዲያ።

መኳንንት ጉንጩ እንደ ተነፋ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሞራ መግፈፍ ጀመርሁ።

«በሱ አልተቀየምሁም» አሉ ጋሽ ሃብተ። «ቢላህ አጭበርባሪ መሆኑም ምንም አይደል፣ ሁላችንም ተሸውደናል። አንተ ግን አንድ ሽንኩርት እንኳ ሳትሞክርበት ሽማግሌ አፍ ውስጥ ከተትኸው። እኔን የምትፈልገኝ ታዴዎስ ቤት ገብቼ፣ ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ዋሱ እኔ ነኝ እንድልልህ ነው። አላውቅህም። ያልሞከርሁትን ደግሞ ሰው አላጎርስም።»

«እንግዲያስ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«እየመጣህ ጠይቀኝ። ሥራ አብረን እንሥራ። ዓመት ሲሞላ እንነጋገራለን።»

«ዓመት! ሚዛን መስከረም ላይ ትሄዳለች እኮ!»

«እሱንማ ዛሬ ቢላ ከመምዘዝህ በፊት ማሰብ ነበር።»

መኳንንት ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። ቢላውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ፤ ሊወስደውም አልተመለሰም። ሚዛን በመስከረም ሳትታጭ ሄደች። እሱ ጋሽ ሃብተ ዘንድ ሁለት ቅዳሜ ብቅ ብሎ ቀረ አሉ፤ ሞረድ እጁን ስላቆሰለው።

ቢላው የእትዬ ብርነሽ መሳቢያ ውስጥ አለ። ገበያ ቀዝቀዝ ባለ አንድ ከሰዓት አውጥቼ ሞከርሁት። ሶዳ ይከፍታል፤ ይህን አልነፍገውም። ብሎን ሲፈታ ጫፉ ታጠፈ። መብራቱ ሞቷል። ፊሽካውንም ነፋሁት፤ ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንድም ቀና ያለ የለም።