የአገረ ገዥው ቆብ

አገረ ገዥ አርያዛት ፊቱ በተቀረጸበት የብር መሐለቅ፣ በአውራጃው ገንዘብ ላይ፣ የደፋው ቆብ በመከር ወቅት መነሣት ጀመረ።

በፋርስ ግዛት ሁሉ ሕጉ አንድ ነበር። ቆቡን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ሰው፣ አገረ ገዥም ቢሆን፣ የቆቡን ጫፍ አጥፎ ይደፋል። ቆቡን ያቆመ ሸፍቷል፤ የሸፈተ ደግሞ ቆብ የሚደፋበት ራስ አይተርፈውም። የመሐለቁን ምስል የምትቀርጸው ናኒያ ይህን ስለምታውቅ በማተሚያው ብረት ላይ የቆቡን ጫፍ አጥፋ ነበር የቀረጸችው። መሐለቆቹም እንደታጠፉ ወጡ። ሲያድሩ ግን ጫፉ ቀና አለ። ውሎ አድሮ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ብሩን በመዶሻ እየመታ መሐለቅ የሚያትመው ሽማግሌ ሲሲን አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው።

«ቆቡ ሸፍቷል» አለ። «ባለቤቱ ግን ገና ከመኝታው አልተነሣም።»

«አባቴ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ።»

«እኔማ ዝም እላለሁ። የንጉሡ መርማሪ መንገድ ላይ ነው አሉ፤ እንግዲህ እሱን ዝም አሰኚው።»

ናኒያ መሐለቁን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ አገረ ገዥው ቤት ሄደች። ሦስት ቋንቋ የምታነብ የተማረች ሴት ናት፤ በእሱ ፊት ግን አንዱም አይመጣላትም።

አርያዛት እግሩን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ተቀምጦ ነበር። ግብር ሲሰበስብ፣ ወታደር ሲቀልብ፣ ከጎረቤት ገዥዎች ጋር ሲጨቃጨቅ ያረጀ ሰው ነው። መሐለቁን አይቶ አልደነገጠም።

«እኔ ንጉሥ?» አለ። «ይችን አንዲት አውራጃ እንኳ መሸከም አቅቶኛል። ማነው ይህን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ብረቱን ነካካሽው?»

«አልነካካሁትም።» ወለሉን ታይ ነበር። «ስቀርጽ በልቤ ‹ንጉሤ› እላለሁ። ፊትዎን መጀመሪያ ከቀረጽሁበት ቀን ጀምሮ እንደዚያው ነው። ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ብረት ይሰማል ብዬ አላሰብሁም።»

አርያዛት እግሩን ከውሃው አወጣ። ፎጣ አቀበለችው። እግሩን ጣት በጣት አደረቀ።

«እንግዲያ ሌላ ነገር በይ» አላት።

«ምን ልበል?»

«ደክሞታል በይ። እውነቱ እሱ ነው።»

ናኒያ መሐለቆቹን ሁሉ አስቀልጣ አዲስ ብረት ቀረጸች። ጉንጩን ስትቀርጽ ደክሞታል አለች፤ ጢሙ ላይ ስትደርስም ደክሞታል አለች። ሽማግሌው ሲሲን ብሩን በብረቱ ላይ በመዶሻ መታ። ቆቦቹ ታጥፈው ወጡ፤ ታጥፈውም አደሩ። አንዳንዶቹ እንዲያውም እስከ ቅንድብ ወረዱ።

መርማሪው እንደደረሰ፣ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ፣ ሣጥኑ ይከፈት አለ። አርያዛት ከፊቱ ቆመ። ከአርያዛት ኋላ ደግሞ ሰይፉን የመዘዘ የመርማሪው ወታደር ቆመ። ናኒያ ከበሩ አጠገብ ነበረች። መርማሪው ከላይ አንድ፣ ከሥርም አንድ መሐለቅ አውጥቶ አየ። ቆቡ ታጥፏል። እጁን ሲያወዛውዝ ሰይፉ ወደ ሰገባው ተመለሰ።

ከዚያ እንደገና ወደ ሣጥኑ አጎነበሰ።

«በመሐለቅ ላይ ፊት የሚቀረጸው በጎን ነው» አለ። «እነዚህ ምን ያያሉ?»

ናኒያ የቀረጸችው አንድ ዐይን ብቻ ነበር። አሁን ሁለት ሁለት ነበራቸው፤ ሁሉም ወደ በሩ ያያሉ።

መርማሪው ዞረ። «አንቺ፣ እስቲ ወደዚያ ምሰሶ ሂጂ።»

ሄደች። ሣጥኑ ውስጥ ብሩ ተንሿሿ። ፊቶቹ ምሰሶውን ያዩ ጀመር። የናኒያ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«ስለ ዐይን የወጣ ሕግ የለም» አለ መርማሪው ጥቂት አስቦ። ቢሆንም ንጉሡ ራሱ ይየው ብሎ ሣጥኑ ንጉሡ ወደሚቀመጥባት ከተማ ወደ ሱሳ እንዲጫን አዘዘ።

«እንግዲያ ልተኛ» አለ አርያዛት። በናኒያ አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላያትም።

በማግሥቱ ናኒያ ከማተሚያው ቤት ደጃፍ ሆና ሣጥኑ በበቅሎ ተጭኖ ሲወጣ አየች። ነጂዎቹ መጫኛውን ደጋግመው ያጠብቃሉ፤ ሣጥኑ ግን ወደ ኋላ፣ ናኒያ ወደቆመችበት፣ ይንሸራተታል። ከኮረብታው አናት ሲደርሱ ሁሉም ከኋላ ሆነው ይገፉት ጀመር። በቅሎዋ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ትራመድ ነበር፤ ኮረብታውን ግን አላለፈችም።