የዛምቤታ ወኪል

በዐቢይ ጾም ሁለተኛው ዓርብ ከቀትር በፊት፣ በሒሳብ ሠራተኛዋ በኤቫንቲያ ቢሮ የነበርነው እሷ፣ አባቴ ስታማቲስና እኔ ነን። እህቴ ዛምቤታ ከሆላንድ በስልክ ትሰማናለች። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ግብር ከፋይነቷ ወደዚያ እንዲዛወር ማመልከቻ የሚገባበት ጊዜ ሊያበቃ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ካለፈ ዓመቱን ሙሉ እዚህ ግሪክም እዚያም ገቢዋን ልታሳውቅ ነው። ለማመልከቻው አገር ቤት ያለ ወኪል ያስፈልጋል። እሷ የመረጠችው አባታችንን ነው።

አባቴ ቅጹን ገፋ አደረገው።

«እዚህ ላይ ‹የውጭ አገር ነዋሪ› ይላል። ኤቫንቲያ፣ አንቺን ክርስትና ያነሳሁሽ ልጄን እንድትሰርዢብኝ ነው?»

«ኧረ አባባ! ከግብር መዝገብ ነው እንጂ ከቤትዎ ማን ይሰርዛታል?» አለች ኤቫንቲያ።

«መርከበኛው ወንድሜም እንዲሁ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ወረቀቱ ሄደ፤ ከዚያ እሱም ቀረ።»

«አባዬ፣ እኔ ለፋሲካ እመጣለሁ» አለች ዛምቤታ።

«አምናም እንዲህ ብለሽ ነበር።»

ኤቫንቲያ ነገሩን ለማለሳለስ፣ «ወኪል ማለት እኮ ለእሷ የሚላከውን የሚቀበል ሰው ነው» አለች።

አባቴ ቀና አለ። «ደብዳቤዋ ለእኔ ሊመጣ ነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፣ አዎ።»

«በይ ብዕር አምጪ፤ ሐሳቤን ሳልቀይር!»

ዓይኑ ስለደከመ ስሙን እኔ ጻፍኩለት፤ እሱ ፈረመ።

ስንወጣ ኤቫንቲያ ወደ ኋላ አስቀረችኝ። አሁን ሁሉ ነገር በኮምፒውተር እንደሚላክ፣ ወረቀት እንደማይመጣ ነገረችኝ። «ቀስ ብለህ አስረዳው» አለችኝ። አባቴ ፊት ፊት እያፏጨ ይሄዳል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። አልነገርኩትም።

የመንደራችን ፖስተኛ ማክሰኞ ማክሰኞ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስም እየጠራ ነው ደብዳቤ የሚያድለው። አባቴ ጢሙን ተላጭቶ ከፊት ይቀመጥ ጀመር።

«የዛምቤታ ወኪል እዚህ አለ!» ይላል፣ ሳይጠራ።

«ስታማቲስ፣ ዛሬም መንግሥት ረሳህ?» ይሉታል ሻይ ጠጪዎቹ።

«መንግሥት መቼ ቸኩሎ ያውቃል? ለእናንተስ የሚጽፍላችሁ ማን አለ?»

ፋሲካ ደረሰ። የሆላንዶቹ ፋሲካ ቀድሞ ስላለፈ ዳቦ ቤቱ ለዛምቤታ ፈቃድ አልሰጣትም። በፋሲካ ልማዳችን ቀይ የተቀባውን ቅቅል እንቁላል አባቴና እኔ ብቻችንን አጋጨን። የእሷን ለብቻ አስቀመጠላት።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከሻይ ቤት ተመልሶ ጋደም እንዳለ አልተነሳም። ለዛምቤታ ለቀብሩ አውሮፕላን አልደረሰላትም። የመጣችው ለአርባው ነው። የተዝካሩን ስንዴ ንፍሮ አድለን ስንጨርስ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን።

«ሻይ ቤት ያሉት የእኔን ደብዳቤ ይጠብቅ ነበር አሉኝ። የምን ደብዳቤ?»

ነገርኳት። ኤቫንቲያ ያለችኝንም፣ የደበቅሁትንም።

«እኔ እኮ ልጽፍለት እችል ነበር» አለች። «አንድ ፖስታ ካርድ። ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ባዶውን የንፍሮ ሳህን አንስቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ወኪል ሲሞት ሌላ መተካት ግዴታ ነው። ሰኞ ጠዋት ኤቫንቲያ ቢሮ ሄደን በአባቴ ስም ቦታ የእኔን ስም ጻፍኩ። ዛምቤታ ከደሴታችን በሚወጣው የቀትር መርከብ ተሳፈረች።